ለቦረቦር ማዳኛ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት የጎርፉን መንገድ አስፈርሙ፦ ለጎጃም ቀበሌዎች ዝርዝር መመሪያ

ከጮቄ ተራራ ወገብ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ቦረቦር የሌለበት የጎጃም ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚገባው ደብዳቤም ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «ቦረቦሩ ማሳችንን እየበላ ስለሆነ ጋቢዮን ይሰጠን።» ጋቢዮን በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሣጥን ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለባለሙያ ይመራል፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ሁሉም ጥፋቱን በበጀት እጥረት ያላክካል። እጥረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው በጀት ለጎረቤት ቀበሌ ሲደርስ እናያለን። ያ ቀበሌ ያቀረበውን ፋይል ብታገላብጡት ጎርፉ ከየት እንደሚነሣ፣ በማን ማሳ አልፎ የት እንደሚወርድ፣ የማሳው ባለይዞታም መስማማቱን የሚያሳይ ወረቀት ታገኛላችሁ። ገንዘብ መዳቢ አካል ከምንም በላይ የሚፈራው የመሬት ክርክርን ነው። የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ባለይዞታ «በማሳዬ አታሳልፉም» ብሎ ሥራው ቢቆም፣ በኦዲት የሚጠየቀው ገንዘቡን የመደበው ነውና።

ይህ ጽሑፍ ለቀበሌ የተፋሰስ ኮሚቴ አባላት፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ቦረቦር ለሚያስቸግራቸው ጎጦች ሁሉ የተዘጋጀ ነው።

አንደኛ፦ ገንዘቡ የት እንዳለ እወቁ

በአማራ ክልል ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል በጀት እየተቀበሉ በምክር ቤታቸው ይደለድላሉ። ከዚህ በጀት የሚበዛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለካፒታል ሥራ የሚተርፈው ቀጭን ነው። ስለዚህ ከወረዳው ጥቅል በጀት ሙሉ የቦረቦር ሥራ አትጠብቁ። የሚገኘው ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ ይህን ያህል ጥቅል የጋቢዮን ሽቦ፣ የድንጋይ ማጓጓዣ፣ ከችግኝ ጣቢያ ሣርና ችግኝ፣ የባለሙያ ቅየሳ። ጥያቄያችሁ እንዲህ ሲነጣጠል ጽሕፈት ቤቱ ከዓመታዊ ዕቅዱ አንድ መስመር ላይ ሊያስገባው ይችላል።

ሰፋ ያለው ገንዘብ በፕሮጀክት በኩል ይመጣል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በክልሉ በርካታ ወረዳዎች ዘላቂ የመሬት አያያዝ ፕሮጀክት ሠርቷል፤ ከዚያ በኋላም በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ ተከታይ ፕሮግራሞች መጥተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለዕቅድ ሳይሆን ለውጤት የሚከፍሉ ናቸው፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው የተሠራው ሥራ ተለክቶና በገለልተኛ አካል ተረጋግጦ ነው። ፕሮጀክት ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከሁሉ በፊት ወረዳችሁ ውስጥ አሁን የትኛው እንዳለና የእናንተ ተፋሰስ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲ ኔትም (የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች የተዘረጋው የድጋፍ ፕሮግራም) በርካታ የእርከንና የክትር (በቦረቦር ውስጥ የጎርፉን ኃይል የሚሰብር ግድብ) ሥራ አሠርቷል፤ ይሁንና አብዛኛው የጎጃም ወረዳ ትርፍ አምራች እየተባለ ስለሚመደብ ከዚያ በኩል ብዙ አትጠብቁ።

አንድ የሚረሳ ምንጭ አለ። ቦረቦሩ የሚነሣው ከመንገድ ቱቦ አፍ ከሆነ፣ የመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት ጉዳዩ ይመለከተዋል። የመንገድ ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ማሳ ላይ ሲለቀቅ በጥቂት ክረምት ውስጥ በሬ የሚውጥ ገደል ይከፍታል። የቱቦውን አፍና የቦረቦሩን ራስ በአንድ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ማመልከቻውንም ለግብርና ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ጽሕፈት ቤትም ስጡ።

የእናንተ ድርሻ የሚሆነው ጉልበት ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ የሰው ቀን በትክክል ከተመዘገበ በፋይሉ ውስጥ እንደ ገንዘብ ይቆጠርላችኋል። ካልተመዘገበ ላቡ እንጂ ማስረጃው አይኖርም።

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ በየወረዳው የሚሠሩትና የማይሠሩት ጽሕፈት ቤቶች ይለያያሉ። ሰው ልካችሁ የትኛው እንደተከፈተ፣ ባለሙያውስ ወደ ቀበሌ መውጣት ይችል እንደሆነ ሳታረጋግጡ የጊዜ ሰሌዳ አታውጡ።

ሁለተኛ፦ ከቦረቦሩ ወደ ላይ ሂዱ

ገንዘቡ የሚመደበው ለተፋሰስ እንጂ ለአንድ ቦረቦር አይደለም። የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ስፋት ይመክራል። ቦረቦሩን ብቻ ክትር በክትር ብታደርጉት፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ካልታከመ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል።

ጉብኝቱ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጎርፉ ዱካ ገና አልጠፋም። ከባለሙያው ጋር ሁለት ሽማግሌና በዚያ ጎጥ ከብት የሚጠብቁ ልጆችን ይዛችሁ ውጡ። ውሃው የት እንደሚጠራቀም፣ የትኛው ማሳ ፈሰስ በማን በኩል እንደሚለቀቅ እረኞቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፈሰስ በጎጃም ገበሬው ራሱ በማረሻ የሚያወጣት የውሃ መልቀቂያ ናት፤ ማሳውን ታድናለች፣ ነገር ግን የአምስት ማሳ ፈሰስ አንድ ቦታ ሲገናኝ የቦረቦር ራስ ይወለዳል። በንድፋችሁ ላይ እያንዳንዱን ፈሰስ በቀስት አመልክቱ።

ከዚያ ለኩ። ለምሳሌ የላይ አፉ 8 ሜትር፣ ወለሉ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሜትር የሆነ ቦረቦር ይኑር። አማካይ ስፋቱ 5 ሜትር ነው፤ 5 በ3 በ120 ሲባዛ 1,800 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል ማለት ነው። «ብዙ አፈር ታጥቧል» ከሚል አንቀጽ ይህች አንዲት ቁጥር ትበልጣለች። ከቦረቦሩ ራስ በላይ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ችካል ትከሉና እስከ ራሱ ያለውን ርቀት መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦረቦሩ ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደገሠገሠ ያ ችካል ይነግራችኋል። ፎቶግራፍ ስታነሡ ሜትር የያዘ ሰው በጉድጓዱ ውስጥ ይቁም።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር። በቀይ አፈር ላይ ቦረቦር በአብዛኛው በላይ በሚወርደው ጎርፍ ይቆፈራል። በጥቁር አፈር፣ በተለይ ከባሕር ዳር በአዴት መንገድ ባለው በደብረ መዊ ተፋሰስ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በሐምሌና በነሐሴ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ የገደሉ ግድግዳ ከሥሩ ረጥቦ ይደረመሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጠንካራ ክትር ብቻ ቢሠራ ውሃው ክትሩን በጎን ዞሮ ያልፋል። በነሐሴ ግድግዳው ላይ ውሃ የሚያመነጭ ቦታ ካለ መዝግቡት፤ ዕቅዱ ውስጥ የግድግዳ ማስተኛት (ቀጥ ያለውን ግድግዳ ተዳፋት ማድረግ) እና የውሃ ማንጠፊያ ቦይ መግባት አለበት።

ሦስተኛ፦ የመሬቱ ጉዳይ

ፋይሉን የሚያነሣውም የሚጥለውም ይህ ክፍል ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉበት።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው የያዘው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ለጎርፍ መውረጃ የሚሆን ቁራጭ መሬት በገንዘብ የመግዛት ነገር የለም። የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ባለይዞታው ወዶ የሚፈርመው ስምምነት፣ በወል መሬት ወይም በሌላ ማሳ ማካካሻ፣ አለዚያም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ከፍሎ ማስለቀቅ። የመጨረሻው የወረዳው ሥልጣን ነው፤ ለአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ቦይ ብሎ እዚያ መድረስ ጊዜም ወዳጅነትም ይፈጃል። የመጀመሪያውን አጥብቃችሁ ያዙ።

ሕጉ ከጎናችሁ መሆኑንም እወቁ። ከ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ጀምሮ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ተከልክሏል፤ ቦረቦር የበዛበት መሬትም በባለይዞታውና በአዋሳኞቹ እንዲያገግም ተደንግጓል። አሁን በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1324/2016፣ በክልሉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ወጥተዋል። ሆኖም አዋጅ ጠቅሶ ገበሬ ማስፈራራት በጎጃም ምድር ያለው ውጤት የታወቀ ነው። ይህ ሕዝብ ቀላድ (የመሬት ልኬት) ሲጣልበት ያመፀ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በጦር መሣሪያ የተቃወመ፣ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ብዙ ያየ ነው። ሜትር ይዛችሁ ማሳ ስትገቡ ዓይኑ የሚያርፈው ሜትሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልኬቱን ከመጀመራችሁ በፊት በዕድሩ ወይም በጎጡ ስብሰባ ላይ የሚለካው ምን እንደሆነና የማይነካው ምን እንደሆነ ንገሩ፤ ባለይዞታው ራሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይያዝ።

ፊርማ ስታሰባስቡ የሚከተሉትን ሰዎች አትዝለሉ።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የባል ፊርማ ብቻ ያለበት ስምምነት በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ይፈርሳል፤ ወረዳውም መልሶ ይልከዋል።

መሬቱን በኪራይ ወይም በእኩል የሚያርስ ሰው ባለይዞታ ባይሆንም የዘራው ሰብል የእርሱ ነው። ቦዩ መቼ እንደሚቆፈር አውቆ ይፈርም።

ባለይዞታው ባሕር ዳር ወይም ሌላ ከተማ የሚኖር ከሆነ በሕጋዊ ውክልና እንጂ «ወንድሙ ነኝ» በሚል ቃል አትፈራረሙ።

ባሏ የሞተባት እናት ማሳ ላይ ሲደርስ ቀርባችሁ ተነጋገሩ። ጉባኤ መካከል «እሜቴ፣ ይስማማሉ አይደል?» ተብላ ስትጠየቅ እምቢ የምትል ሴት ጥቂት ናት፤ ይህ ፈቃድ አይባልም። ሴት የኮሚቴ አባል ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ ቦዩ ስንት ጥማድ ወይም ስንት ሜትር እንደሚወስድባት በእግር ለክታ ታሳያት። ብዙ መሬት የሚወስድባት ከሆነ የቦዩን መስመር መቀየር ይቀላል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚሠሩ ሥራዎችም የመሬት ልገሳ በግዳጅ እንዳይሆንና የሰጪውን ኑሮ እንዳይጎዳ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

ቦዩ በቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሚያልፍ ከሆነ ከሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ አምጡ። የወል ግጦሽ መሬት ሲከለል ደግሞ የሚጎዳው ከብት ያለው ብቻ ሳይሆን በቂ የግል መሬት የሌለው ወጣትም ነው። ለእርሱ ከተከለለው ቦታ የሣር አጨዳ ድርሻ ወይም የንብ ማነቢያ ካልታሰበለት አጥሩን ሌሊት የሚያፈርሰው ሌላ ማንም አይደለም።

ስምምነቱ ከዚህ የተወሳሰበ መሆን አያስፈልገውም፦

«እኛ ባለይዞታዎች አቶ … እና ወይዘሮ … በ… ወረዳ በ… ቀበሌ በ… ጎጥ፣ በደብተር ቁጥር … በማሳ መለያ ቁጥር … በተመዘገበው ይዞታችን የላይኛው ወሰን በኩል ርዝመቱ … ሜትር፣ ስፋቱ … ሜትር የሆነ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲያልፍ ወደንና ፈቅደን ተስማምተናል። የባለይዞታነት መብታችን እንደተጠበቀ ይቆያል። በቦዩ ዳር የሚበቅለው ሣር የእኛ ነው። ኮሚቴው በየዓመቱ በግንቦት ወር ቦዩን ያስጠርጋል። ቦዩ ተደርምሶ ሰብላችን ቢጎዳ ኮሚቴው ጉዳቱን በሽማግሌ አስገምቶ ከተፋሰሱ ገቢ ይተካል። መሬቱ በውርስ ወይም በስጦታ ቢተላለፍም ስምምነቱ ይጸናል።»

ከሥሩ የሦስት ምስክሮች ስምና ፊርማ፣ የቀበሌው መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ማኅተም፣ ቀን። ከዚያ አንድ ቅጂ ለባለይዞታው፣ አንድ ለኮሚቴው፣ አንዱ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ከማሳው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ። ይህ ሦስተኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መዝገብ ውስጥ ያልገባ ስምምነት ልጁ መሬቱን ሲወርስ «እኔ አልፈረምኩም» የሚባልበት ነው።

«የእናንተ እርከን መሬቴን ወሰደብኝ» የሚል ቅሬታም ይመጣል። ቅሬታው እውነት አለበት፤ እርከን ቦታ ይይዛል፣ በደጋው ዝናብም ውሃ ያቁር ይሆናል። ከደንበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ባለው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በ1978 ዓ.ም. ፋንያ ጁ (አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት) እርከን ተሠርቷል፤ በጊዜ ብዛት ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ወደ መሆን ተቀይሯል። ተጠራጣሪዎችን ይዛችሁ እዚያ መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ፤ የአካባቢው ገበሬ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳይደብቅ ይነግራቸዋል።

አራተኛ፦ ሥራውን በቁጥር አስቀምጡ

ሁሉም ጋቢዮን ይላል። ጋቢዮን ግን ውድ ነው፤ ቦታው የቦረቦሩ ራስ፣ የሁለት ቦረቦር መገናኛና ትልቅ ውኃ የሚወድቅበት ነው። በቀረው ቦታ ደረቅ የድንጋይ ክትር፣ ድንጋይ በሌለበትም የእንጨትና የቅጠል ክትር ይበቃል።

በክትሮች መካከል ያለው ርቀት በግምት አይወሰንም። በአገራችን መመሪያ የክትሩ ቁመት በ1.2 ተባዝቶ ለቦረቦሩ ወለል ተዳፋት ይካፈላል። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 12 በመቶ ከሆነ 1.2 ለ0.12 ሲካፈል 10 ሜትር ይሆናል። የ120 ሜትሩ ቦረቦር ወደ 12 ክትር ይፈልጋል። አንዱ ከነመሠረቱና ከነክንፉ 6 ሜትር ኩብ ድንጋይ ቢወስድ በጠቅላላው 72 ሜትር ኩብ ነው። በሥራ ኖርሙ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ የድንጋይ ክትር ይሠራል፤ ስለዚህ 144 የሰው ቀን። ለላይኛው ተዳፋት ደግሞ የአፈር እርከን በኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን፣ ፋንያ ጁ 200 የሰው ቀን ይያዝለታል። ኖርሞቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ወረዳው የሚሠራበትን ቁጥር ተጠቀሙ።

የክትሩን መሠረት ግማሽ ሜትር ቆፍሩ፤ ክንፉ ወደ ግድግዳው በደንብ ይግባ። መካከሉ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ብሎ የውሃ ማስተንፈሻ ይኑረው፤ ከሥሩም ውሃው የሚወድቅበት የድንጋይ ንጣፍ። አናቱ ሜዳ የሆነ ክትር ውሃውን ወደ ዳር ገፍቶ ቦረቦሩን ያሰፋዋል፤ በየቀበሌው ፈርሰው የምታዩዋቸው ክትሮች አብዛኞቹ በዚህ የፈረሱ ናቸው።

ለተክሉ ዝሆኔ ሣር፣ ዴሾ፣ ቬቲቨርና ሰስፓንያ ይጻፉ፤ በአዊና በጮቄ ደጋ ቀርከሃ ይጨመር። ባሕር ዛፍ በቦረቦር ውስጥ ለመትከል የሚጣደፍ ሰው አይታጣም። ብር ያመጣል፤ ከሥሩ ግን ሣር እንዲበቅል አይፈቅድም፣ አፈሩን የሚይዘው ደግሞ ሣሩ ነው።

አምስተኛ፦ ፋይሉንና ወቅቱን

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የየጽሕፈት ቤቱ የቀጣይ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሆነ፣ በሰኔ የገባ ጥያቄ ለሁለት ክረምት ይሰነብታል። በጥቅምት ጎብኝታችሁ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አስፈርማችሁ፣ ጥር ሳይወጣ ፋይሉን አስገቡ። በዚያው ጥርና የካቲት በዘመቻው የላይኛውን ተዳፋት እርከን ከጀመራችሁ፣ ወረዳው የበጀት ውይይት ሲቀመጥ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። የዘመቻ ቀናት ስትመርጡ 12ን፣ 19ን፣ 21ንና 29ን ዝለሉ፤ በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን አካፋ የሚያነሣ አታገኙም።

ፋይሉ ውስጥ የሚገባው፦ አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ የተፋሰሱ ነዋሪዎች ዕቅዱን የተቀበሉበት ቃለ ጉባኤ፣ የእጅ ንድፍ ካርታ፣ የልኬት ሠንጠረዥና ፎቶግራፍ፣ የመሬት ስምምነቶች፣ የሥራ መጠንና ወጪ፣ የሕዝቡ ድርሻ በሰው ቀን፣ የአጠቃቀም ውስጠ ደንብ። ፕሮጀክት ከሆነ የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ማጣሪያ ቅጽም አለ፤ እርሱን ባለሙያው ይሞላል፣ እናንተ ግን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ማመልከቻው ላይ የበላይ አካላትን በማወደስ አንድ ገጽ አታባክኑ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቦታውን፣ የጠፋውን አፈርና የሚፈለገውን ይያዝ። ለግብርና ጽሕፈት ቤት የገባውን በግልባጭ ለመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌያችሁ የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ አድርሱ። ተመራጩ በበጀት ጉባኤ ላይ ስለ እናንተ ተፋሰስ አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። የገቢ ደብዳቤ ቁጥሩን ሳትይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ

በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ አይገባም፤ ወረዳው ገዝቶ ዕቃ ይሰጣችኋል። ሽቦው ሲመጣ ቆጥራችሁ፣ የሽቦውን ውፍረት ከጥያቄው ጋር አመሳክራችሁ ተረከቡ። በሞዴል (በመንግሥት የዕቃ መረከቢያ ቅጽ) ያልተረከባችሁትን ዕቃ «በኋላ እናስተካክላለን» በሚል ቃል አትፈርሙበት። ኮሚቴው በተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበርነት ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ የራሱን የባንክ ሒሳብ በጣምራ ፊርማ ይክፈት፤ ከተከለለው ቦታ የሣር ሽያጭ የሚገባው ገንዘብ የጥገናውን ወጪ የሚሸፍነው በዚህ ነው።

የጋቢዮኑ ሥራ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ። ሣሩና ችግኙ በሰኔ መጨረሻ አፈሩ ሲረጥብ ይተከል። ልቅ ግጦሽ እንዲቆም በውስጠ ደንቡ የተቀመጠው ቅጣት በመጀመሪያው ጥፋተኛ ላይ፣ የኮሚቴ ሊቀ መንበሩ ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ ካልተፈጸመ ከዚያ ወዲያ ማንም አይከፍልም።

ከመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በኋላ በማግስቱ ሁሉንም ክትር ዙሩ። ውሃ በጎን የዞረበትን ክንፍ በዚያው ቀን በድንጋይና በጭቃ ዝጉ፤ ለሳምንት ቢቆይ ክትሩ በሙሉ ይሄዳል። የተጎዳውንና የተጠገነውን ከነፎቶግራፉ መዝግባችሁ በመስከረም ለወረዳው አስገቡ፣ በዚያው ጉዞም ችካሉ ጋ ሄዳችሁ ርቀቱን እንደገና ለኩ፤ የሁለተኛው ዓመት ጥያቄያችሁ በዚህ ሪፖርት ላይ ይያያዛል።